ስለ ሬዲዮ ሥነ ፈለክ የክረምት ትምህርት ቤት ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር




የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲው ለእረፍት በሚዘጋበት በክረምት ወራት፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሬዲዮ ሥነ ፈለክን ምስል አወጣጥ የሚያስተምር የሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት በዚሁ በደብረ ማርቆስ ይቋቋም እንላለን። አሳቡ እንግዳ ቢመስል አይደንቅም። ቴሌስኮፕ በሌለበት ከተማ የቴሌስኮፕ ትምህርት ምን ይሠራል? ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ወራትስ ስለ ከዋክብት ማን ይማራል? የሚለው ጥያቄ ከአሁኑ ይሰማናል። እኛም የተነሣነው ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚቻለንን ያህል መልስ ለመስጠት ነው።

ከደመናው እንጀምር። የጎጃምን ክረምት ለእናንተ መግለጽ አያስፈልግም። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ጮቄ ተራራ ይጋረዳል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ይጀምራል፤ ሌሊት ኮከብ ማየት ብርቅ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ፀሐይ የምትገኝበት የከዋክብት ጭፍራ፣ ማለት ፍኖተ ሐሊብ፣ እምብርቱ በእኛ ሰማይ ላይ በጥሩ ከፍታ የሚታየው በዚሁ ወራት ነው። በሐምሌ ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በስተ ደቡብ 51 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። በሬዲዮ ሥነ ፈለክ ስሟ ከፍ ባለው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ግን ይኸው እምብርት ከአድማስ ከ9 ዲግሪ አይዘልም። ተፈጥሮ የሰጠችን ቦታ እንዲህ ያለ ነው። በጨለማው ሰማይ ላይ ትልቁ ነገር ከራሳችን በላይ በሚያልፍበት ወራት እኛ ከደመናው በታች ተቀምጠናል።

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ በሚደርስ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በደከመበት ሥራ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመርቋል። በዚህ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊደሰት ይገባዋል። ነገር ግን የብርሃን ቴሌስኮፖች ስለ ሆኑ ክረምት ሲገባ የእነርሱም ዐይን ይጋረዳል። የሬዲዮ ሞገድ ግን እንዲህ አይደለም። ርዝመቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ሞገድ ደመናን ከቁም ነገር ሳይቈጥር ያልፋል። ቀንም ሌሊትም ይሠራበታል። ለሬዲዮ ሥነ ፈለክ ክረምት የተዘጋ ወራት አይደለም።

የዚህ ጥበብ አጀማመር ራሱ ከነጎድጓድ ጋር የተያያዘ ነው። ካርል ጃንስኪ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ በቤል የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ የሚደረገውን የሬዲዮ ስልክ ንግግር የሚያውከው ጩኸት ከየት እንደሚመጣ እንዲመረምር ታዘዘ። በኒው ጀርሲ ሜዳ ላይ በመንኰራኵር የሚዞር አንቴና ሠርቶ፣ 14.6 ሜትር ርዝመት ባለው ሞገድ አዳመጠ። እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ጽሑፍ ጩኸቱን በሦስት ከፈለው። አንደኛው የቅርብ ነጎድጓድ ነው፤ ሁለተኛው የሩቅ ነጎድጓድ ነው፤ ሦስተኛው ምንጩ ያልታወቀ፣ የማያቋርጥ ፉጨት ነው። ይህ ሦስተኛው በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣ ነበር። ፀሐይ ወደ ቦታዋ የምትመለሰው በ24 ሰዓት ሲሆን ከዋክብት ግን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይመለሳሉ። ስለዚህ ጩኸቱ የከዋክብትን ሰዓት የሚጠብቅ መሆኑ ታወቀ። በ1933 ጃንስኪ ምንጩ በፍኖተ ሐሊብ እምብርት አቅጣጫ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ።

ይህን ዜና ተከትሎ ወደ ሥራ የገባው ሰው ግሮት ሪበር ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1937 በኢሊኖይ በቤቱ ግቢ ውስጥ በገዛ ገንዘቡ ከ9 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሳሕን ሠርቶ የሰማይን የሬዲዮ ካርታ ነደፈ። ያሠራው መንግሥት የለም፤ የደጎመው ዩኒቨርሲቲም የለም። ይህን የምናነሣው መንግሥትና ዩኒቨርሲቲ አያስፈልጉም ለማለት ሳይሆን፣ የዚህ ትምህርት መነሻ በድንቅ ሕንጻ እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ። የሬዲዮ ሞገድ ረጅም ስለ ሆነ አንድ ሳሕን ብቻውን አጥርቶ አያይም። 21 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው በሃይድሮጅን ሞገድ፣ 25 ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ሳሕን ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ያነሰውን ነገር ለይቶ ማየት አይችልም። የሰው ዐይን ያህል ጥራት ለማግኘት 700 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሳሕን ያስፈልጋል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው ግዙፉ የጉድጓድ ቴሌስኮፕ እንኳ ስፋቱ 500 ሜትር ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

እንግሊዛዊው ማርቲን ራይልና ጓደኞቹ በካምብሪጅ ያገኙት ዘዴ፣ ብዙ ትናንሽ ሳሕኖችን በሜዳ ላይ በትኖ እንደ አንድ ታላቅ ሳሕን ማሠራት ነው። ለዚህም ራይል እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ቪ.ኤል.ኤ. የተባለው ጣቢያ 27 ሳሕኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 25 ሜትር ስፋት አላቸው፤ ተራርቀው ሲቆሙ በጫፍና በጫፍ ባሉት መካከል 36 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ያን ጊዜ ከጨረቃ ስፋት ከሺህ አንዱን እጅ እንኳ የማይሞላ ነገር ለይተው ያሳያሉ።

ነገር ግን እነዚህ ሳሕኖች ፎቶግራፍ አያነሡም። ነገሩን በአገራችን ልማድ ብናስረዳ ይሻላል። በቀድሞ ዘመን በአገር ውስጥ ሌብነት ወይም ቃጠሎ ሲደርስና ያደረገው ሰው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። አንዱ ውሻ ሲጮህ ሰምቷል፤ ሌላው በወንዙ ማዶ ችቦ አይቷል፤ ሦስተኛው በማለዳ ዱካ አግኝቷል። ሽማግሌዎቹ ቃልን ከቃል እያጋጠሙ ማንም ብቻውን ያላየውን ነገር ያወጡታል። በሬዲዮ ሥነ ፈለክም እያንዳንዱ የሳሕን ጥንድ አንድ ምስክር ነው። 27 ሳሕኖች 351 ጥንድ ይሆናሉ። በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ሚርካት 64 ሳሕኖች ስላሉት 2016 ጥንድ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥንድ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ይህችውም ከሰማይ የሚመጣው ሞገድ በዚህ ርቀትና በዚህ አቅጣጫ በቆሙ ሁለት ቦታዎች ምን ያህል እንደሚስማማ ነው። ምድር ስትዞር ጥንዶቹ አቅጣጫቸውን እየለወጡ ሌላ ቃል ይሰጣሉ። እነዚህን ቃሎች ሰብስቦ ወደ ምስል የሚለውጠው ሒሳብ፣ ሁላችንም በክፍል የተማርነው የፎሪየር ትራንስፎርም ነው።

ደግ ሽማግሌ ምስክርን ሳይፈትን አይቀበልም። አስቀድሞ የታወቀ ነገር ይጠይቀዋል፤ በዚያ ቢሳሳት በዚህም ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃል። የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ሰዎችም ሳሕኖቻቸውን ከሚፈልጉት ነገር በፊትና በኋላ ብርሃኑና ቦታው ወደሚታወቅ ብሩህ አካል ይመልሷቸዋል። ከዚያ የእያንዳንዱን ሳሕን ጒድለት ለክተው ያርማሉ። ይህ ካሊብሬሽን ይባላል። ቀጥሎ ሌላ ችግር አለ። በሜዳው ላይ ምስክር ያልቆመበት ቦታ ብዙ ነው። በዚያ ክፍተት ምክንያት የሚወጣው የመጀመሪያው ምስል ብዙ የሐሰት ጥላና ቀለበት ያለበት፣ የቆሸሸ ምስል ነው። ስሙም በእርግጥ «ቆሻሻ ምስል» ይባላል። ያን ሆግቦም የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ቆሻሻ ደረጃ በደረጃ የሚያጠራ ዘዴ አሳተመ። እርሱም በምስሉ ላይ እጅግ ብሩህ የሆነውን ነጥብ ፈልጎ፣ ያ ነጥብ ከነሐሰት ጥላው የሚሰጠውን ድርሻ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ እንደገና ብሩሁን ይፈልጋል፤ እንደገና ይቀንሳል፤ የቀረው ጫጫታ ብቻ እስኪሆን ድረስ ይደጋግማል። ዘዴው ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ምስል ማውጣት ትምህርት የሚፈልገው ስለዚህ ነው። መቼ እንደሚቆም፣ የትኛው ምስክር እንደሚጣል፣ የትኛው ጥላ እውነት የትኛው ሐሰት እንደ ሆነ መሣሪያው ብቻውን አይወስንም። ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 10 ኤፕሪል 2019) የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ያተሙትን፣ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው ኤም 87 በተባለው የከዋክብት ጭፍራ መካከል ያለውን የጥቁር ጒድጓድ ጥላ ምስል ታስታውሳላችሁ። ከሁለት መቶ በላይ ተመራማሪዎች የተካፈሉበት ሥራ ነው። ምስሉን ለማውጣት የተመደቡት ሰዎች አስቀድመው በአራት ክፍል ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ሳይመካከር ከአንድ መረጃ የየራሱን ምስል አወጣ። አራቱም ሲገናኙ ቀለበቱ በሁሉም ዘንድ ተገኘ። እንዲህ የተጠነቀቁት ሰው ሊያይ የተመኘውን ነገር በቀላሉ ማየት ስለሚችል ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ትምህርት ለአንድ ወጣት የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይኸው የራስን ዐይን መጠራጠር ነው።

ይህን ጥበብ ሌሎች እንዴት እንደሚያስተምሩት እንመልከት። በኒው ሜክሲኮ ሶኮሮ የምትባል ዘጠኝ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች፤ ከደብረ ማርቆስ እጅግ ታንሳለች። ነገር ግን ቪ.ኤል.ኤ.ን የሚያስተዳድሩት ሊቃውንት በዚያ ስላሉ የምስል አወጣጥ የክረምት ትምህርት ቤት ሲደረግባት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 የተደረገው ስድስተኛው ጉባኤ ትምህርቱ በመጽሐፍ ተሰብስቦ በ1999 ታትሟል፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች ይማሩበታል። የትምህርቱ ሥርዓት ቀላል ነው። በጥዋት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ እውነተኛ መረጃ ይሰጠዋል፤ ከጥሬው ተነሥቶ ምስሉን ራሱ ያወጣል።

ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ኅብረትም ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወጣት የሥነ ፈለክ ተማሪዎች ትምህርት ቤት እያደረገ ከአገር ወደ አገር ያዞራል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2017) ተራው ለኢትዮጵያ ደርሶ ነበር። በአፍሪካም በብሪታንያና በደቡብ አፍሪካ ድጋፍ ዳራ የተባለው የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ሥልጠና በጋና፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በናሚቢያ፣ በቦትስዋናና በሌሎችም አገሮች ወጣቶችን አስተምሯል። ጋና ከዚህም አልፋ በኩንቱንሴ የነበራትን 32 ሜትር ስፋት ያለው አሮጌ የሳተላይት ስልክ ሳሕን ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጣ እ.ኤ.አ. በ2017 አስመርቃለች። በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ አሮጌ ሳሕኖች የት የት እንዳሉ ሊቃውንት ሲቈጥሩ የእኛም የሱሉልታ ጣቢያ በዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ነገር ግን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ታላቁን የኤስ.ኬ.ኤ. ሥራ የሚካፈሉት የአፍሪካ አገሮች ስምንት ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ ከእነርሱ ውስጥ የለችም።

ወገኖቻችን፣ ቁጭቱ እዚህ ላይ ነው። ኤስ.ኬ.ኤ. በደቡብ አፍሪካ በካሩ በረሃ 197 ሳሕኖች እንዲኖሩት ታቅዶ ይሠራል። የሚርካት 64 ሳሕኖች ብቻ የፍኖተ ሐሊብን እምብርት 200 ሰዓት ያህል ተመልክተው የሰጡት ጥሬ መረጃ 70 ቴራባይት ነበር፤ ከዚያም የወጣው ድንቅ ምስል እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ታየ። ከአፍሪካ ምድር የሚወጣው መረጃ እንዲህ እንደ ጎርፍ ሲወርድ ምስሉን የሚያወጣው ማን ነው? መረጃው ለብዙ ጊዜ ተደብቆ አይቀመጥም። በቪ.ኤል.ኤ. ሕግ ተመልካቹ በመረጃው ብቻውን የሚጠቀመው ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ምስል የሚወጣበት ሶፍትዌርም ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ስሙ ካሳ ይባላል፤ የእኛን አገር ሰው ስም ቢመስልም ከውጭ የመጣ ነው። የቶምሰን፣ የሞራንና የስዌንሰን ታላቅ የመማሪያ መጽሐፍ ሦስተኛ እትምም እ.ኤ.አ. በ2017 ማንም ያለ ገንዘብ እንዲያነበው ሆኖ ወጥቷል። መጽሐፉ አለ፤ መረጃው አለ፤ መሣሪያው አለ። እኛ ግን ፎሪየርን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምረን፣ ተፈትነንበት፣ አንድ ምስል እንኳ ሳናወጣበት እንመረቃለን። ከመካከላችን እጁን በመረጃ ማፍታታት የፈለገ ባሕር መሻገር አለበት። የተሻገረውም ተመልሶ የሚሠራበት ባልንጀራ ስለማያገኝ እዚያው ይቀራል። ቴሌስኮፕ ሊዘገይ ይችላል፤ ገንዘቡ ሲገኝ ይተከላል። ሰው ግን በአንድ ቀን አይተከልም።

ለምን በደብረ ማርቆስ? የሚል ካለ መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሥራው አንድ ክፍል በዚሁ በአካባቢያችን መኖሩ ነው። የምድር መግነጢስ መካከለኛ መስመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አጠገብ ከፍ ያለው የአየር ክፍል፣ አዮኖስፌር የሚባለው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይታወካል፤ ረጃጅሙን የሬዲዮ ሞገድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ምስልንም ያበላሻል። አዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ከ1957-58 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ ኖሯል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ የተባለው የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ይህንኑ የአየር ክፍል ያጠናል። እንግዲህ የምስል አውጪው ጠላት የሆነውን ነገር የሚያውቁ መምህራን በጎረቤታችን አሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው መልሳችን ዋሸራ ከሚለው ስም ጋር የተያያዘ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል የጎጃም የቅኔ ቤቶች ስም መሆኑን የማያውቅ የለም። ከሩቅ አገር ቆሎ ተማሪው በእግሩ መጥቶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ የሰፈሩ ሰው ቍራሽ እንጀራ እየሰጠው ተምሯል። የመጣው ሕንጻ ፍለጋ ሳይሆን መምህር ፍለጋ ነበር። የማስተማሪያውንም ሥርዓት አስቡት። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመስማት ብቻ አይመረቅም። ራሱ ይቈጥራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የበሰለው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያርማል። በሶኮሮ ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ከዚህ በምን ይለያል? እንዲያውም የአስነጋሪው ሥርዓት ከእነርሱ ይልቅ በእኛ ዘንድ የጠነከረ ይመስለናል። በክረምት ትምህርት ቤታችን የዘንድሮው ተመራቂ ለከርሞው አስነጋሪ ይሁን፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ በእንግዳ መምህር መምጣትና አለመምጣት ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንመለስ። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት የለም ይባላል። እውነት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር፣ መንገድም እንደ ታወከ ሁላችንም በኑሯችን ቀምሰነዋል። ያ ወራት ያስተማረን ነገር ቢኖር ትምህርትን በአንድ ሽቦ ላይ አለማንጠልጠል ነው። ስለዚህ የምናስበው ትምህርት ቤት ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ ይዘጋጅ። ለመለማመጃ የሚሆን የቪ.ኤል.ኤ. መረጃ ጥቂት ጊጋባይት ነው። ከሶፍትዌሩና ከመጻሕፍቱ ጋር በአንድ የኪስ ዲስክ ተገልብጦ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር በሰው እጅ ሊመጣ ይችላል። 70 ቴራባይት በደብረ ማርቆስ እናብስል የሚል ከእኛ መካከል የለም። ትንሹን መረጃ በትክክል ያበሰለ ሰው ግን ትልቁ ካለበት ሲደርስ እንግዳ አይሆንም።

ደግሞ፣ ሕዝብ በተቸገረበት አገር ስለ ከዋክብት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አለ። ይህን ጥያቄ እንደ ተራ ነገር አንንቀውም፤ የምንበላውን የሚያቀርብልን ገበሬ ነውና። ከዚህ ትምህርት ነገ ጠዋት እንጀራ ይወጣል ብለንም አንሸነግላችሁም። ነገር ግን ከተበታተነ ምስክርነት ምስል የማውጣት ሒሳብ በሰማይ ብቻ አልቀረም። ሮናልድ ብሬስዌል እ.ኤ.አ. በ1956 ለሬዲዮ ሥነ ፈለክ ብሎ የደከመበት ሒሳብ፣ ሐኪሞች የሰውን ገላ ሳይቀዱ ውስጡን ለሚያዩበት ለሲቲ ስካን ሥራ ገብቷል። በአውስትራሊያ የጆን ኦሱሊቫን ጓዶች ከሬዲዮ ሥነ ፈለክ ባገኙት ልምድ በመመራት ለዋይፋይ የሚያገለግል ዘዴ አውጥተዋል። በራዳር ሳተላይት የመሬትንና የእርሻን ሁኔታ ማየትም የዚሁ ጥበብ ዘመድ ነው። ያልጠራ መረጃ ይዞ ሳይቸኵልና ሳይዋሽ እውነቱን የሚያወጣ ሰው ለእርሻ ቢሮም፣ ለሆስፒታልም፣ ለስልክ ሥራም ይጠቅማል።

በመጨረሻ የሥራውን ዕቅድ በአጭሩ እናቅርብ። ተማሪዎቹ ሃያ ይሁኑ፤ ከደብረ ማርቆስ ብቻ ሳይሆን ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይምረጡ። ሲመረጡም እኅቶቻችን በቍጥር ለስም ያህል ብቻ እንዳይሆኑ ቦታቸው አስቀድሞ ይጠበቅ። ኮምፒዩተሮቹ አሥር ቢሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠራሉ፤ አንድ ጄኔሬተር በተጠንቀቅ ይቆማል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሒሳቡና አንቴናው ይማራል። በዚያው ሳምንት በከተማችን ጣራ ሁሉ ላይ ከሚታዩት የቴሌቪዥን ዲሾች ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን ወደ ፀሐይ እናዞራለን። ከሁለቱ የሚመጣው ኃይል ሲደመር፣ ፀሐይ በፊታቸው ስታልፍ ከፍና ዝቅ ይላል። በዓለም ላይ ያለው ታላቁ ጣቢያ የሚሠራበት መሠረተ አሳብ በዚህ በርካሽ ዕቃ ይታያል፤ ደመና ቢኖርም ፀሐይ በሬዲዮ አትጠፋም። በሁለተኛው ሳምንት ተማሪው ከዲስኩ መረጃ ወስዶ ምስክሮቹን መፈተንና ማረም፣ ቆሻሻውንም ምስል ማጥራት ይለማመዳል። በሦስተኛው ሳምንት በአራት ክፍል ተከፍለን፣ ሳንመካከር፣ ከአንድ መረጃ የየራሳችንን ምስል እናወጣለን። ከዚያ በጉባኤ ፊት እናቀርባለን፤ በምስሉ ላይ የቱ እርግጥ፣ የቱ ጥርጥር እንደ ሆነ እንጠየቃለን። የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለተገኘ ሁሉ ሳይሆን ምስሉን ተከራክሮ ላስረዳ ይሁን። ከዚህም ጋር ለእነዚህ አሳቦች የሚስማሙ የአማርኛ ቃላት እየተሰበሰቡ ይጻፉ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን ነገሩን በእናት ቋንቋቸው እንዲያስቡት ነው።

ከተማሪዎች ማኅበር የምንለምነው፣ በክረምት ባዶ የሚሆኑት መኝታ ቤቶችና የመመገቢያ አዳራሽ ለሦስት ሳምንት እንዲፈቀዱልን ከአስተዳደሩ ጋር እንዲነጋገርልን ነው። ከመምህራኖቻችን የምንለምነው፣ ከእረፍታቸው ሦስት ሳምንት እንዲሰጡን፣ ከእንጦጦና ከዋሸራም ሁለት መምህራን እንዲጋብዙልን ነው። ከተማሪ ጓደኞቻችን የምንለምነው ትጋት ነው። መንገዱ ጸጥታ ባይኖረው ቀኑ ይገፋ፤ አሳቡ ግን አይገፋ።

ዘንድሮም ክረምት ሲገባ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት እንደ ወትሮው ከጮቄ በላይ ያልፋል። ደመናው አይገፈፍም፤ ነጎድጓዱም አይቀርም። ከነጎድጓዱ በስተኋላ ያለውን ያን ሦስተኛ ጩኸት ለይተው የሚሰሙና ምስሉን የሚያወጡ ሃያ ወጣቶች በዚህ ከተማ እንዲኖሩ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ከመምህራንም ከተማሪዎችም እንዲመረጥ አሳብ እናቀርባለን።